ከጦር ሠራዊት ቢሮ እስከ እናቶች ደጃፍ፦ የሜሪ አይንስዎርዝ ሕይወት

ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ፈጥኖ ማንሳት ይገባል ወይስ እቅፍ እንዳይለምድ ጥቂት መተው? አራስ ባለበት ቤት ሁሉ፣ በገጠርም በከተማም፣ ይህ ጥያቄ ይነሳል። አያት አንድ ነገር ትላለች፤ ጎረቤት ሌላ ትጨምራለች፤ እናት በሁለቱ ምክር መካከል ሆና ልጇን ታባብላለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዕድሜዋን የሰጠችው ሴት ግን ራሷ ልጅ አልወለደችም። የካናዳ ጦር ሻለቃ ነበረች፤ ኋላም በዓለም የታወቀች የሥነ ልቦና ሊቅ ሆነች። ስሟ ሜሪ አይንስዎርዝ ይባላል። ዕውቀቷን ያቀኑላት ትልልቆቹ መምህራን ደግሞ ከካምፓላ ወጣ ብለው በሚገኙ የኡጋንዳ መንደሮች ሙዝና ቡና እያለሙ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ነበሩ።

ሜሪ የተወለደችው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ግሌንዴል በተባለች ከተማ፣ በታኅሣሥ ወር 1913 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሦስት እህትማማቾች የመጀመሪያዋ ነበረች። አባትና እናቷ ሁለቱም የኮሌጅ ትምህርት የቀመሱ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውን በየሳምንቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወስዱ ነበር። ሜሪ ገና በሦስት ዓመቷ ማንበብ ቻለች። አባቷ የአሉሚኒየም ውጤቶች በሚያመርት ድርጅት ይሠራ ስለነበር፣ በ1918 ቤተሰቡ በሥራው ምክንያት ወደ ካናዳ ቶሮንቶ ተሻገረ። በቤቱ ውስጥ ለሜሪ የሚቀርበው አባቷ ነበር፤ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ አስተኝቶ የሚዘፍንላትም እርሱ ነው። ከእናቷ ጋር የነበራት ግንኙነት ያን ያህል ሙቀት አልነበረውም። ይህን ዓይነቱን ልዩነት በልጅነቱ የቀመሰ ሰው ካደገ በኋላ ስለ እናትና ልጅ መመራመሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ15 ዓመቷ ዊልያም ማክዱጋል የተባለ ምሁር ስለ ሰው ጠባይ የጻፈውን መጽሐፍ አነበበች። የሰው ልጅ የሚያስበውንና የሚሰማውን ነገር ምክንያት በራሱ ውስጥ መመርመር እንደሚቻል እስከዚያ ቀን አስባ አታውቅም ነበር። በ16 ዓመቷ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አባቷ ትምህርቱን ከመግፋቷ በፊት ለጊዜው በጸሐፊነት ብትሠራ ይሻላል የሚል ሐሳብ ቢኖረውም፣ ውሳኔዋን አክብሮ ትምህርቷን ደገፈ። በ1939 ዶክትሬቷን ያዘች። መምህሯ ዊልያም ብላትዝ ያስተማራት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ልጅ አዲስ ነገር ለመሞከር የሚደፍረው፣ ቢፈራ የሚመለስበት ወላጅ ከኋላው እንዳለ ሲያውቅ ነው። የመመረቂያ ጥናቷም በዚሁ የመረጋጋት ስሜት ላይ ያተኮረ ነበር።

ዶክትሬቷን በያዘችበት ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ካናዳ በ1941 የሴቶች የጦር ሠራዊት ክፍል አቋቋመች፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም ከ21 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ክፍል አገለገሉ። ደመወዛቸው መጀመሪያ በተመሳሳይ ማዕረግ ካለ ወንድ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ በ1943 ወደ አራት አምስተኛው ክፍል ማለትም ወደ 80 በመቶ ከፍ ተደረገ። ሜሪ በ1942 የማስተማር ሥራዋን ትታ የደንብ ልብስ ለበሰች። የተመደበችው በሠራተኛ ምርጫ ክፍል ነው። ወደ ጦሩ የመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ እያነጋገረች፣ ፈተና እየሰጠች፣ ታሪካቸውን እየመዘገበች ማን ለሾፌርነት፣ ማን ለወጥ ቤት፣ ማን ለጽሕፈት ወይም ለስልክ ኦፕሬተርነት እንደምትበጅ መለየት ሥራዋ ሆነ።

ይህ ሥራ ከጦር ሜዳ ጀግንነት አንጻር ሲታይ ተራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሰውን በአንድ አፍታ ሳይፈርዱበት መጠየቅን፣ ማዳመጥንና ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍን የሚያስተምር ሥራ ነበር። ወደ እንግሊዝ ተልካ የዚያን አገር ጦር የሠራተኛ አመራረጥ ባየችበት ጊዜም ኤዲት መርሰር ከተባለች ሴት ጋር ተወዳጀች፤ ይህች ወዳጅ ከዓመታት በኋላ የሕይወቷን መንገድ ታስቀይራለች። በ1945 ሜሪ የሻለቃ ማዕረግ አገኘች። ጦርነቱ ሲያበቃም ለጥቂት ጊዜ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሴቶችን መልሶ በማቋቋም ሥራ ላይ ቆይታ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ተመለሰች።

በ1950 ከጦርነቱ ተመልሶ ትምህርቱን ይከታተል የነበረውን ሌናርድ አይንስዎርዝን አገባች። ባል ዶክትሬቱን ለንደን ሊማር ሲሄድ ሚስትም የዩኒቨርሲቲ ቦታዋን ለቅቃ ተከተለችው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ለዓመታት የምትኖርበትን አገር የወሰነው የባሏ ሥራ ነው። በዘመኑ ለነበረች የተማረች ሴት ይህ የተለመደ ዕጣ ነበር፤ በሜሪ ላይ ግን ያልታሰበ በረከት ይዞ መጣ። ለንደን እንደደረሰች ሥራ አጥ ሆና ሳለ ያቺ የጦርነት ዘመን ወዳጅዋ በጋዜጣ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አሳየቻት። ማስታወቂያውን ያወጣው በታቪስቶክ ክሊኒክ የሚሠራው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ነበር፤ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው የተለዩ ልጆች ምን እንደሚደርስባቸው የሚያጠና ረዳት ይፈልግ ነበር።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የታመመ ሕፃን ከተኛ ወላጆቹ እንደ ልብ ሊጎበኙት አይችሉም ነበር። ሕፃኑ ጥቂት ቀን አልቅሶ ዝም ሲል ነርሶች ለመደ ይሉ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለው የቦውልቢ የሥራ ባልደረባ ግን ዝምታው መልመድ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ መሆኑን አየ። ሮበርትሰን ቀድሞ በአንድ የሕፃናት ማቆያ የማሞቂያ እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ነበር፤ እዚያ ሳለ ስለ ልጆቹ ያየውን ሁሉ በካርድ ላይ መጻፍ ለምዶ ነበር። በ1952 አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ሆስፒታል ስትገባ የሚሰማትን የሚያሳይ ፊልም ሠራ። ሐኪሞች መጀመሪያ ተቆጡ፤ በ1959 ግን የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ወላጆች ልጆቻቸውን በነፃነት እንዲጎበኙ የሚመክር ሪፖርት አወጣ። ሜሪን የማረካት የሮበርትሰን ማስታወሻ ነው። ልጆችን በዕለት ኑሯቸው መካከል ተቀምጦ ማየትና መጻፍ ማንኛውም የወረቀት ፈተና የማይሰጠውን ዕውቀት እንደሚሰጥ ተረዳች፤ ዕድሉን ባገኘች ጊዜም እንዲሁ ለማድረግ ወሰነች።

ዕድሉ የተገኘው በ1954 ነው። ባሏ በካምፓላ በሚገኝ የምሥራቅ አፍሪካ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ሥራ አገኘና ባልና ሚስቱ ወደ ኡጋንዳ መጡ። ጊዜው ለቡጋንዳ ሕዝብ የቁጣ ጊዜ ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ንጉሡን ካባካ ሙቴሳን ከአገር አስወጥተው ስለነበር፣ ነጭ ሆኖ በየመንደሩ እየዞሩ ጥያቄ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። ሜሪ ቋንቋውን በአቅሟ ተማረች፤ አስተርጓሚ ያዘች፤ የመንደር ሹማምንትን አስፈቀደች። እናቶችና ልጆች ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲያስፈልጋቸው በመኪናዋ ታመላልሳቸው ነበር። በዚህ ሁኔታ 26 ቤተሰቦች በራቸውን ከፈቱላት፤ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ጡት የሚጠቡ 28 ሕፃናት ነበሩ።

አሠራሯ ያልተወሳሰበ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ከሰዓት በኋላ፣ እናቶች የማሳቸውን ሥራ ጨርሰው እንግዳ በሚቀበሉበት ሰዓት፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት እየሄደች ሁለት ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። እናቲቱን ታወያያለች፤ ዓይኗ ግን ከሕፃኑ አይነቀልም። አዝመራውን በየጊዜው ወርዶ የሚያይ ገበሬ የቅጠሉን ቀለም ከትናንት በስቲያው ጋር እንደሚያስተያይ፣ እርሷም ሕፃኑ ባለፈው ጊዜ ያላደረገውን ዛሬ ማድረጉን ታስተውላለች። ለማን ፈገግ አለ? ከማን እቅፍ ሲወጣ አለቀሰ? ማንን ተከትሎ ዳኸ? እንግዳ ሲያይ ፊቱን ወደ ማን አዞረ? ይህን ሁሉ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ መዘገበች።

ወደ መንደሮቹ የሄደችው ስለ ጡት ማስጣል ለማጥናት ነበር። ሕፃኑ ጡት እንዲረሳ ወደ አያቱ ቤት ይላካል ሲባል ሰምታ፣ መለየቱ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ፈለገች። ሆኖም ልማዱ እንደተወራው በሰፊው የሚሠራበት ሆኖ አላገኘችውም። በምትኩ ያላሰበችው ነገር ዓይኗን ሳበው።

የዘመኑ ምሁራን በሌላው ሁሉ ቢጣሉም በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፦ ሕፃን እናቱን የሚወድደው ስለምታበላው ነው ይሉ ነበር። ቦውልቢ ይህን ተጠራጠረ። የዝይ ጫጩት መጀመሪያ ያየችውን ተንቀሳቃሽ፣ ጥሬ ባይሰጣትም እንኳ፣ እንደምትከተል ከእንስሳት ተመራማሪዎች ተምሮ፣ የሰው ልጅም ከሚጠብቀው ሰው ጋር እንዲጣበቅ ሆኖ የተፈጠረ ነው አለ። ዶሮ ያረባ ሰው ነገሩ ብዙም ላይገርመው ይችላል፤ በሳይንሱ ዓለም ግን ድፍረት ነበር። ሜሪ ራሷ ሐሳቡን ስትሰማ አላመነችበትም፤ እንዲያውም ቦውልቢ ስሙን ያበላሻል ብላ ሰግታ ነበር። ጥርጣሬዋን የፈቱት የኡጋንዳ ሕፃናት ናቸው። ያጠባቻቸውን እናት ብቻ ሳይሆን አንዳንዶቹ ጠብቶ የማያውቋቸውን አባትን ወይም አያትን ሲሹ አየች። እናቲቱ አጠገባቸው ስትሆን ወለሉን እየዳሁ ዕቃውን ሁሉ ይመረምራሉ፤ አንድ ነገር ሲያስደነግጣቸው ወደ እርሷ ይበራሉ፤ ሲረጋጉ እንደገና ይሄዳሉ። እናት ለሕፃኑ የማትንቀሳቀስ ምሰሶ ናት፤ ገመዱ በረዘመ መጠን ሩቅ ይሄዳል፣ ሲፈራ ይመለስባታል። መምህሯ ብላትዝ በቶሮንቶ በቃል ያስተማራትን ነገር በጭቃ ቤት ወለል ላይ በዓይኗ አየችው።

ቀጥላ ሕፃናቱን አወዳደረች። ገሚሶቹ እናታቸው አጠገብ ሲሆኑ ደስተኞችና እምብዛም የማያለቅሱ ነበሩ። ሌሎቹ እናታቸው ይዛቸው እንኳ ያለቅሳሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ፣ ለረጅም ሰዓት ብቻቸውን ይተዉ የነበሩት፣ እናታቸውን ከሌላው ሰው የለዩ አይመስሉም። ልዩነቱ ከየት መጣ? ልጁን የምትይዝ አክስት ወይም አያት በቤቱ መኖሯ ጉዳት ሆኖ አልተገኘም። ልዩነት ያመጡት እናት ራሷ ለልጁ የምትሰጠው እንክብካቤ መጠን፣ በማጥባት የምታገኘው ደስታና ስለ ልጇ ያላት ዕውቀት ናቸው። ስለ ሕፃኗ ስትጠየቅ ከጥርሱ እስከ እንቅልፉ፣ ከሚወደው እስከሚፈራው ዘርዝራ የምትናገር እናት ልጇ የተረጋጋ ሆኖ ተገኘ። ወሬውን ወደ ሌላ ጉዳይ የምታዞር እናት ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ አልቃሻ ነበር። ሜሪ ይህን የማወቅ ጉዳይ ትኩረት የሰጠችው በጉብኝቷ መጨረሻ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ለሠራችው ሥራ ሁሉ መሠረት የሆነውም ይኸው ግኝት ነው።

ባልና ሚስቱ ከኡጋንዳ ወጥተው አሜሪካ ባልቲሞር ሲሰፍሩ፣ ሜሪ የመንደሮቹን ማስታወሻ በሻንጣ ይዛ ገባች። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ያገኘችው የትርፍ ሰዓት የማስተማር ሥራ ነበር። ወንድ መምህራን የሚመገቡበት አዳራሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለሴት መምህራን ዝግ ነበር። የሻለቃ ማዕረግ የነበራት ምሁር ምሳዋን በሌላ ክፍል ትበላ ነበር ማለት ነው። በ1960 ትዳሯ ፈረሰ። ልጅ ትመኝ ስለነበር ኀዘኑ እጥፍ ሆነባትና በጭንቀት ወደቀች፤ የሌላውን ሰው ልብ የምትመረምረው ባለሙያ ራሷ ለዓመታት የሥነ ልቦና ሕክምና ተከታተለች። በዚያው ጊዜ ውስጥ፣ በ1963፣ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች፤ ትልቁን ጥናቷንም ጀመረች።

ባልቲሞር ላይም የመረጠችው 26 ቤተሰቦችን ነው። ሕፃናቱ ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ እርሷና ረዳቶቿ በየሦስት ሳምንቱ እየሄዱ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ይቀመጡ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ የዋለው ጊዜ በድምሩ ወደ 70 ሰዓት ይጠጋል። ምንም መጠይቅ አልተበተነም፤ የሕፃኑ እያንዳንዱ ለቅሶና የእናቲቱ ምላሽ ግን ተጻፈ።

አሜሪካዊ ሕፃን ቤቱ ውስጥ እናቱ ወጣ ብትል እንደ ኡጋንዳው አያለቅስም፤ መውጣት መግባቷን ለምዶታል። ስለዚህ በ1964 ገደማ ከባርባራ ዊቲግ ጋር ሆና 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሙከራ አዘጋጀች። የአንድ ዓመት ሕፃን ከእናቱ ጋር አሻንጉሊት ወዳለበት እንግዳ ክፍል ይገባል። የማያውቃት ሴት ትመጣለች። እናት ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትወጣለች፤ እንደገና ትመለሳለች። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ቁምነገሩ የመለያየቱ ለቅሶ ውስጥ ይሆናል ብሎ ነበር። ሜሪ ግን የተመለከተችው መመለሷን ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት እናታቸውን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ፤ ታቅፈው ተጽናኑ፤ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። አንዳንዶቹ ታቅፈውም እየተንፈራገጡ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። ሦስተኛው ወገን እናቱ መውጣቷንም መመለሷንም ከቁም ነገር ያልቆጠረ መሰለ።

ይህ ሦስተኛው ወገን ለብዙ ሰው ጠንካራ ልጅ፣ ራሱን የቻለ ልጅ ሊመስል ይችላል። የቤት ለቤት ማስታወሻው ግን ሌላ ታሪክ ተናገረ። እነዚህ ሕፃናት ቤታቸው ውስጥ እቅፍ ፈልገው ሲሄዱ በተደጋጋሚ የተገፉ ነበሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ኋላ የልብ ምታቸውን ሲለኩት፣ ፊታቸው የተረጋጋ መስሎ ልባቸው ግን በፍጥነት ይመታ እንደነበር አገኙ። ልጆቹ ፍርሃታቸውን መደበቅ የተማሩት ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

በ1972 ሜሪና ተማሪዋ ሲልቪያ ቤል ስለ ለቅሶ የጻፉት ጥናት ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለቅሷቸው ፈጣን ምላሽ ያገኘ ሕፃናት ዓመታቸው ሲሞላ የሚያለቅሱት ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ችላ የተባሉት ደግሞ ይበልጥ የሚያለቅሱ ሆኑ። ቶሎ የሚነሳ ሕፃን እቅፍ ይለምዳል የሚለውን ምክር ይህ ግኝት ገለበጠው፤ ለቅሶ በተመለሰ ቁጥር ይበረታል ብለው ያስተምሩ የነበሩ ምሁራንም ብርቱ ክርክር ገጠሟት። ሌሎች ነቀፌታዎችም ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሚዛን የሚደፉ ናቸው። 26 ቤተሰብ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ለመናገር ጥቂት ነው ተባለ። በጃፓንና በጀርመን ሙከራው ሲደገም የሦስቱ ወገኖች ድርሻ ከባልቲሞሩ የተለየ ሆነ። እናቱ አዝላው ለዋለች፣ ከእርሷ ለአንድ አፍታ ተለይቶ ለማያውቅ ሕፃን የባዶ ክፍል ሙከራ እጅግ የከበደ ፈተና ነው የሚለውም ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሜሪ ራሷ ሙከራው ስም ካገኘ በኋላ ብዙዎች የ20 ደቂቃውን ሥራ ብቻ ወስደው የዓመቱን የቤት ለቤት ምልከታ መተዋቸው ያሳዝናት ነበር። እርግጥ ነው፣ በየሰው ቤት 70 ሰዓት መቀመጥ ለተመራማሪ አድካሚም ውድም ነው።

የኡጋንዳው ጥናት በ1967፣ የባልቲሞሩ ደግሞ በ1978 በመጽሐፍ ታተመ። በመካከሉ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ እስከ 1984 አስተማረች፤ ከጡረታም በኋላ ለበርካታ ዓመታት ከምርምር አልተለየችም። ከቦውልቢ ጋር የነበራት የደብዳቤ ልውውጥ አርባ ዓመት ያህል ዘለቀ። የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ በመባል የሚታወቀው ትምህርት በሁለቱ ስም ይጠራል፦ እርሱ ሐሳቡን አፈለቀ፣ እርሷ በማስረጃ አጸናችው። ዛሬ በማደጎ ሕግ፣ በሕፃናት ማሳደጊያና በሕክምና ውስጥ የሕፃኑን አሳዳጊ ቶሎ ቶሎ አትለዋውጡ የሚለው መመሪያ ሥሩ እዚህ ነው።

ያሠለጠነቻቸው ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተበትነው የራሳቸውን ጥናት መሠረቱ፤ ልጅ ያልወለደችው መምህርት እነርሱን እንደ ቤተሰቧ ትቆጥራቸው ነበር። በ1998 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ፋውንዴሽን የዕድሜ ዘመን የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። በቀጣዩ ዓመት፣ በመጋቢት ወር 1999፣ በቨርጂኒያ ሻርለትስቪል ከተማ በስትሮክ ሕመም አረፈች፤ ዕድሜዋ 85 ነበር። በካምፓላ ዙሪያ በእናቶቻቸው ጭን ላይ ሆነው ያየቻቸው እነዚያ 28 ሕፃናት፣ በሕይወት ያሉት፣ አሁን ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ናቸው።